ቅዳሜ የመጣው እንቁላል

ነስዊክ፣ ዮርክሻየር
ኦክቶበር 17 ቀን 1897

ለተወደድከው ለአጎቴ ልጅ ለሳይላስ ግሬንጀር፣ ባሕር ማዶ፤

የጌታ ሰላም ካለህበት ድረስ ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? እኔ ስሙ ይመስገንና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ሦስት ዓመት አለፈን። የመጻፉ ተራ የማን እንደነበር ረስቼዋለሁ፤ የኔ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ስታነብ ቁጭ ብለህ ይሁን። ኬዛያ ኦገስት ሃያ ሁለት ቀን አረፈች። ማክሰኞ ዓሣ ስታጸዳ ዋለች፤ ሲመሽ ደረቴን አለች፤ እሑድ ጠዋት ሰው ወደ ጸሎት ቤት ሲወጣ እሷ ቀደመችው። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖርን። ልጅ አላቆየንም፣ ክፉ ቃልም ብዙ አልተነጋገርንም። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ እላለሁ። አፌ ይለዋል፤ ልቤ ግን ከኋላ ከኋላ ነው የሚከተለው።

ባለፈው ሳምንት ጨው ፍለጋ ቤቱን ሳገላብጥ ዋልኩ። አጥቼ ከጎረቤት ለመንኩ። ለካስ የጨው ዕቃው ከምድጃው ጎን፣ ግድግዳው ውስጥ ካለችው ትንሽ ጉድጓድ ተቀምጦ ኖሯል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ነበር፤ እጄን ሰድጄ ስለማላውቅ አላየሁትም። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ድሮ በጻፍክልኝ ቁጥር፣ በወጣትነታችን ለቆዳ ማልፊያ የሚሆነውን ሸብ ስናፈላበት ስለነበረው ስለ ሸብ ቤታችን ትጠይቀኝ ነበር። ከተዘጋ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ጣራው የለም። የእርሳሱን ገንዳዎች ነቅለው ሸጠዋቸዋል። በባሕር በኩል ያለው ግድግዳ አምና በማዕበል ግማሹ ወርዷል፤ የማፍያው ክፍል ግን ቆሟል። ያቃጠልነው የድንጋይ ክምር እንደቀላ ነው፤ እስከ ዛሬ ሣር አይበቅልበትም። መርከቦቹ ይጠጉበት በነበረው ዓለት ላይ የጋሪ እግር የቦረቦረው መስመር፣ ባሕሩ ሲሸሽ አሁንም ይታያል። ቀጥ ብሎ ሄዶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ገደሉም ከላይ በየዓመቱ ሁለት ክንድ ሦስት ክንድ እየተናደ ይመጣበታል።

ሳይላስ፣ ና። የምልህ ይኸው ነው። ሁለታችንም ስድሳን እያንኳኳን ነው። የላይኛው ክፍል ባዶ ነው፤ ከመስኮቱ ሸብ ቤቱ ይታያል። ሌላም የምነግርህ ነበረኝ፤ እሱ ግን በቃል ይሻላል።

ወንድምህ ኦቤድ


ኔልሰን፣ ኒውዚላንድ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1898

ለውድ ወንድሜ ለኦቤድ፤

የሚያጽናና ጌታ ከጎንህ ይቀመጥ። ደብዳቤህን ያነበብኩት ቆሜ ነው፤ ተቀመጥ ያልከው ላይ ስደርስ መሬት ተቀመጥኩ። ኬዛያ! በሰርጋችሁ ዕለት ስንጨፍር እግሬን ረግጣ፣ «ይህ እግር ነው ወይስ ጀልባ?» ያለችኝ አሁንም ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ ጫማ በገዛሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለች። ነፍሷን በገነት ያኑራት።

እኔ አሁንም ቆዳ ፋብሪካው ነኝ። ምን እንደምሠራ ታውቃለህ? ሸብ ነው የምመዝነው። ቆዳውን ነጭ አድርጎ የሚያለፋው ያው የኛው ነጭ ጨው በበርሜል ይመጣልናል። ዛሬ በአሲድ በጥቂት ቀን ይሠሩታል አሉ። እኛ የገደሉን ድንጋይ ዘጠኝ ወር ስናቃጥል፣ ስንዘፈዝፍ፣ ስናፈላ፣ ከሎንዶን በመርከብ የመጣ የሰው ሽንት ስንጨምርበት እንደነበር አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ብነግራቸው ሊያምኑኝ አልቻሉም። አንዱ፣ «ሽንት ከሎንዶን ድረስ? የራሳችሁ አልወርድ ብሎ ነው?» አለኝ። የሀብታም ሽንት መጠጥ ስለሚበዛበት አይሆንም፣ የድሃ ነው የሚፈለገው ስላቸው ደግሞ በሳቅ ሞቱ።

ቀጥሎ፣ መድረሱን በምን ታውቁ ነበር አሉኝ። በእንቁላል አልኳቸው። የዶሮ እንቁላል ገንዳው ውስጥ ይገባል፤ ከሰመጠ ገና ነው፣ ከተንሳፈፈ ደርሷል። እንቁላሉ ግን ትኩስ መሆን አለበት፤ የገማ ከሆነ ሳይደርስም ይንሳፈፋል። እነሱ ሌላ ሳቅ ሲጠብቁ እኔ ወደ ሚዛኔ ዞርኩ።

አንዳንድ ቀን፣ ሰው ሳያየኝ፣ ጣቴን ሸቡ ላይ አድርጌ እቀምሰዋለሁ። አፌ ጭምድድ ይላል። በዚያች ቅጽበት ነስዊክ ነኝ፤ እናቴ ከበር ላይ ትጠራኛለች። ምራቄን ስውጥ ያልቃል።

ና ያልከኝን ግን ተወው። የመርከብ ዋጋ ሞልቶልኛል፤ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። የሚይዘኝ ሌላ መሆኑን ታውቃለህ። ከነስዊክ በወጣሁበት ጠዋት ልጆቹ እስከ ዳገቱ ጫፍ «የገማው! የገማው!» እያሉ ሸኙኝ። እነዚያ ልጆች ዛሬ አባወራ ናቸው፤ ልጆቻቸውንም አስተምረዋቸው ይሆናል። አንድ ገንዳ ሙሉ ሸብ በገማ እንቁላል ያበላሸው ሰውዬ ተብዬ እዚያ ልቀበር አልፈልግም። እዚህ ቢያንስ ስሜ ሳይላስ ነው።

ይልቅ ከቀዩ ክምር አንድ ድንጋይ ላክልኝ። እንቁላሉ የሚቀመጥባት የግድግዳ ጉድጓድስ አለች?

ሳይላስ


ነስዊክ
ኤፕሪል 24 ቀን 1898

ለምወድህ ለሳይላስ፤

ጸጋው ይብዛልህ። ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ትንሽ ነው፤ ትልቁን ይዤ ዳገቱን መውጣት አቃተኝ።

ጉድጓዷ አለች። በማፍያው ክፍል፣ በግራ በኩል፣ ደረት በሚሆን ከፍታ። እጄን ከትቼ አየሁ። ከአሸዋና ከወፍ ላባ በቀር ምንም የለባትም።

ስመለስ መንገድ ላይ ታማር ሎውሰን አገኘችኝ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ አሁንም ዶሮ ታረባለች። በዚህ ጉልበትህ ምን ልታደርግ ወረድክ ብትለኝ፣ ሳይላስ ድንጋይ ላክልኝ ብሎኝ ነው አልኳት።

«የገማው ሳይላስ?»

«እትዬ ታማር፣ ስሙ እንኳ ሳይላስ ብቻ ነው።»

በምርኩዟ መሬቱን ጫረች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ኦቤድ፣ ከመሞቴ በፊት አንድ ሰው ይመነኝ። ያን ቅዳሜ ለሸብ ቤቱ ያመጣሁት እንቁላል ትኩስ ነበር። ክረምት ነው፣ ዶሮዎቹ መጣል አቁመው አንዲቷ ብቻ ነበረች የምትጥለው፤ ከሥሯ አውጥቼ ሙቀቱ ሳይለቅ ነው በእጅህ የሰጠሁህ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከታማር እንቁላል ከመግዛት ድንጋይ መቀቀል ይሻላል ሲሉኝ ኖሩ።»

አምንሻለሁ አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝ።

«ማመንህ ለምን ዛሬ ሆነ?»

ዝናብ መጣ ብዬ ጥያት ወጣሁ። ዝናብ አልነበረም።

ሳይላስ፣ ከዚህ በላይ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር። ፖስተኛው ሳይወጣ ላድርስ። ደህና ሁን።

ኦቤድ


ኔልሰን
ኦገስት 2 ቀን 1898

ለወንድሜ ለኦቤድ፤

ጌታ ጤናህን ይጠብቅልኝ። ድንጋዩ ደረሰ። ስከፍተው ጨርቁ ቀልቷል። መስኮት ላይ አስቀምጬው፣ ያከራየችኝ ሴትዮ ቆሻሻ መስሏት ልትጥለው ስትል ደረስኩባት።

ስለ እንቁላሉ ግን አታንሣብኝ። ታማርንም አትጠያይቃት። ዶሮዋ ትኩስ ጣለች አልጣለች ዛሬ ምን ይጠቅማል? እባክህ፣ አፈር ስሆን፣ ገንዳው የተበላሸበትን ያን እሑድ ተወው። ባሕሩን ጻፍልኝ። ጭጋጉን ጻፍልኝ። ሄሪንግ ዓሣው ዘንድሮ ገባ ወይ?

ሳል ይዞኛል። ይኼ የቆዳ ቤት ሳል ነው፣ አይገድልም ይላሉ የያዛቸው ሁሉ፤ የሞቱት ምን እንዳሉ አልሰማሁም። አንዳንድ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ መርከቦቹ ቢሮ ይወስደኛል። በሩ ላይ የተለጠፈውን የመነሻ ቀን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ከዚያ ዳቦ ገዝቼ ቤቴ እገባለሁ። ሻጩ ልጅ ለምዶኛል፤ «ዛሬም ዳቦ ብቻ ነው አባት?» ይለኛል።

ሳይላስ


ነስዊክ
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1899

ለአጎቴ ልጅ ለሳይላስ፤

ምሕረቱ የማያልቅ አምላክ ሁለታችንንም ይጎብኘን። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አታንሣው ብለኸኛል፤ ይቅር በለኝ፣ አነሣዋለሁ። ዘንድሮ ካልተናገርኩ፣ ሄጄ ኬዛያ ፊት ስቆም ቀድማ የምትጠይቀኝ እሱን ነው።

ያን ቅዳሜ ታማር እንቁላሉን በእጄ ሰጠችኝ። እውነቷን ነው፣ ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበር። ጉድጓዷ ውስጥ ያለው ሦስት ሳምንት ገንዳው አጠገብ የከረመ ነው፤ አውጥቼ ጥዬ ትኩሱን መተካት የኔ ሥራ ነበር። ኬዛያ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አሥር ቀን ሆዷ ምንም አልቀበል ብሎ ትመልስ ነበር። በመላው ነስዊክ ያንን እንቁላል የሚያህል ነገር አልነበረም። ባርኔጣዬ ውስጥ አድርጌ ወሰድኩላት። አሮጌውን መልሼ አስቀመጥኩ። ሰኞ አንድ ቦታ ፈልጌ እተካለሁ ብዬ።

እሑድ ጠዋት አንተ መጥተህ፣ «አንተ ሰንበትህን አክብር፣ ጸልይልኝ፤ እኔ አፈላልሃለሁ» አልከኝ። ሄድኩ። መዝሙር ዘመርኩ። አንተ የገማውን እንቁላል ይዘህ ስትለካ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ መስረቅ ስብከት እሰማ ነበር ብልህ ታምናለህ? ስለ መስረቅ አልነበረም፣ ስለ ዘሪው ነበር። እኔ ግን ስለ መስረቅ ነው የሰማሁት።

ማክሰኞ ገንዳው ጭቃ መሆኑ ታወቀ። አለቃው ሲጠይቅህ እንቁላሉ ተንሳፍፎ ነበር አልክ። ሰብሮ አሸተተው። ትኩስና ግም መለየት የማይችል ሰው አልፈልግም ብሎ አባረረህ። እኔ ሁለት እርምጃ ያህል ከኋላህ ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር ሳይላስ፤ ምንም አልወጣውም። ብናገር ሁለታችንንም ያባርረናል፣ ኬዛያ በክረምት የት ትሄዳለች አልኩ። ሰው ለፍርሃቱ የሚስቱን ስም መስጠት እንዴት ይቀለዋል! ሕፃኑ በሳምንቱ ሞቶ ተወለደ። እሷም ምን እንደበላች ሳታውቅ ኖራ ሄደች።

ባለፈው ወር የፍቅር ማዕድ ነበረን። አስታወስከው? ዳቦውና የውሃው ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው፤ መንፈስ ያነሣሣው ይቆማል፣ ጌታ ያደረገለትን ይመሰክራል። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ዳቦዬን ወስጄ ጽዋውን አሳልፌ ዝም የምል ሰው ነበርኩ፤ ትሑት ነው ይሉኝ ነበር። ዘንድሮ ጽዋው እጄ ላይ ሲደርስ ማሳለፍ አቃተኝ። እንደያዝኩት ተነሣሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ባርኔጣውን ሳይቀር። ሳይላስ ግሬንጀር ነውር የሌለበት ሰው ነው፣ የተባረረው በኔ ነው አልኩ።

ከሴቶቹ በኩል የታማር ድምፅ መጣ፦ «ጌታ ይመስገን፣ ዶሮዬ ነጻች።»

ሰዉ በጸሎት ቤት ውስጥ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ስንወጣ በር ላይ ጠብቃኝ፣ ኬዛያ ታውቅ እንደነበር ጠየቀችኝ። አታውቅም አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «እንኳን በላቻት። ጥሩ እንቁላል ነበረች» አለችኝ።

ይኸው ነው። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፍሬ ነው የምጽፈው። አሁን ግን መንገዱ ተከፍቷል፤ «የገማው» የሚልህ የለም። የምትጠላው እኔን ከሆነም ናና አጠገቤ ሆነህ ጥላኝ።

ኦቤድ


ኔልሰን
ሜይ 14 ቀን 1899

ኦቤድ፣ ወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ ምርቃቴ አጭር ነው፤ አፌ የመባረክ መብት ያለው አይመስለኝም።

እንቁላሉን አልነካሁትም።

ስማኝ። ያን እሑድ ገንዳው ይሞቃል፣ ውጭ በረዶ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስባንን ምን ያህል እንደተኛሁ አላውቅም፤ ከመጠን አለፈ፣ ተቃጠለ ብዬ ደነገጥኩና ዘልዬ ሸቡን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያወርደውን ቧንቧ ከፈትኩት። እንቁላሉ ጉድጓዷ ውስጥ እንዳለ ነበር። ለካስ ብዙም አልተኛሁም፤ ገና ነበር። አለቃው ሲጠይቀኝ ተኝቼ ነበር ማለት አቃተኝ፤ እንቁላሉ ተንሳፍፎ ነበር አልኩ። እሱ ሲሰብረውና ግማቱ ሲወጣ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? በልቤ ተመስገን አልኩ። እንቁላሉ ሸፈነኝ። በሞኝነት ያባርሩኛል እንጂ በውሸት አይከሱኝም አልኩ። ልጆቹ «የገማው» እያሉ ሲከተሉኝም፣ ሳይላስ፣ ቀሎልሃል እያልኩ ነው የሄድኩት። ያልቀለለኝ ኋላ ነው።

ታማርን አታንሣ ያልኩህ ለዚህ ነው። ዶሮዋ ንጹሕ ከሆነች ነገሩ ሄዶ ሄዶ እኔ ላይ ይመጣል ብዬ ነው። አንተ ከኋላዬ ቆመህ የራስህን እንደምትውጥ በምን ልወቅ! ሁለት ሰው አንዲት እንቁላል ሥር ተደብቀን ሠላሳ ሦስት ዓመት። ያንተ ስርቆት ማንንም አልጎዳም ኦቤድ፤ ትኩስም ቢሆን ያው ጉድጓዷ ውስጥ ነበር የሚውለው። የተሸከምከው የኔን ነው።

አሁን ስምህን ለኔ ብለህ አጥፍተሃል። ይህን ደብዳቤ በሚቀጥለው የፍቅር ማዕድ ቆመህ አንብብላቸው። ለምኜሃለሁ፣ በኬዛያ አፈር። የምጠይቅህ የመጨረሻው ነው። መምጣቱን እንግዲህ ተወው፤ በምን ዓይኔ።

ሳይላስ


ነስዊክ
ጁላይ 23 ቀን 1899

ለተወደድከው ለወንድሜ ለሳይላስ ግሬንጀር፤

ሁሉን የሚያውቅና ሁሉን የሚያሳልፍ ጌታ ስሙ ይባረክ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩብህ፤ እውነቱን ልንገርህ። ሁለተኛ ላይ ሸብ ቤቱ ወርጄ ግድግዳው ሥር፣ አንተ የተኛህባት ትሆናለች ባልኳት ቦታ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ነበር፤ እኔም ተኛሁ። ስነቃ ባሕሩ እግሬ ሥር ደርሷል። እየሮጥኩ ስወጣ ሳቄ መጣ።

በባሕሩ በኩል ያለው ግድግዳ በኤፕሪል ጨርሶ ወደቀ። ጉድጓዷ ያለችበት ቆሟል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሁለት ክረምት አይሻገርም ይላሉ።

አሁን ስለ ልመናህ። ደብዳቤህ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው። ለማንም አላነበብኩትም፤ አላነብልህምም። በዚህ ብዙ ጸለይኩ። ዝም ማለቴ ሌላ ውሸት ይሆን? ራሴን መረመርኩ፤ አይደለም። እኔ የተናገርኩት የሠራሁትን ነው፤ ትኩሱን ወስጃለሁ፣ አፌንም ዘግቻለሁ። ያ የኔ ነው፣ ጉዳት ባያመጣም የኔ ነው፣ አትውሰድብኝ። ያንተን ግን ያንተ አፍ ነው የሚናገረው። ሰው ስለ ሌላ ሰው ቆሞ ዳቦ አይበላም።

እስከዚያ ድረስ ስምህ እዚህ ንጹሕ ነው። ልጆቹ አሁን የሚጮሁት በኔ ነው፤ «እንቁላል ሌባው» ይሉኛል፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ ምንም እንደሌለበት አሳያቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል። አባቶቻቸውም አንተ መቼ እንደምትመጣ ይጠይቁኛል፤ በልጅነታቸው የጮኹብህ የሚያሳፍራቸው አሉ። መጥተህ ተናግረህ እንደገና ቢስቁብህ፣ በሁለታችን ላይ ይሳቁ፤ አንድ ወንበር ላይ ሆነን እንስማው። የኬዛያ ቦታ ከጎኔ ባዶ ነው። የፍቅር ማዕዱ በጃንዋሪ ሁለተኛው እሑድ ነው። በኦክቶበር የሚነሣ መርከብ ያደርስሃል። ከቢሮው በር ላይ አትመለስ፤ ግባ። ዳቦ እዚህም አለ።

ታማር ስለ ደብዳቤህ የምታውቀው የለም። ጁን ላይ ግን አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩታ እንቁላል ሰጠችኝ። «ለሳይላስ ነው» አለችኝ። ገና አልመጣም ብላት፣ «ሲመጣ ትኩስ ማግኘት አለበት» ብላኝ ሄደች። ከጨው ዕቃው ጎን፣ ከምድጃው አጠገብ ባለችው ጉድጓድ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ሌላ ይዛ መጣች። አሮጌውን ቀቅዬ በላሁ፣ አዲሱን ተካሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አጉድላ አታውቅም።

የዛሬው ትናንት የመጣው ነው።

ወንድምህ ኦቤድ